የፖስተሩ መሃል ባዶ ሲሆን፦ የአንድ የዶክትሬት ተማሪ ንድፍ ስለ አብስትራክት ያጋለጠው ነገር

በማርች 2019 ማይክ ሞሪሰን የተባለ፣ በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የድርጅት ሥነ ልቦና የዶክትሬት ተማሪ፣ አንድ የካርቱን ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ለቀቀ። ጉዳዩ በሳይንስ ጉባኤዎች ላይ የሚለጠፈው የምርምር ፖስተር ነበር፦ ለምን አይነበብም፣ እንዴትስ በአጭር ጊዜ የተሻለ መሥራት ይቻላል። እንዲህ ያለውን ርዕስ ከጥቂት ተመራማሪዎች በቀር ማን ዞር ብሎ ያየዋል ያሰኛል። ቪዲዮው ግን ተዛመተ። በጁን ወር ኤንፒአር የተባለው የአሜሪካ ሬዲዮ ዘገበው፤ ንድፉን የተከተሉ ፖስተሮችም በልዩ ልዩ የሙያ ዘርፎች ጉባኤዎች ላይ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ወዲህ የተነሣው ክርክር በአመዛኙ ስለ መልክ ነው። አንዱ ወገን «እንዴት ግልጽ ነው» ሲል፣ ሌላው «ሳይንስ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ወረደ» ይላል። እኔ ጉዳዩን ያነሣሁት ስለ ሌላ ነገር ነው። ሞሪሰን ከፖስተሩ መሃል ጽሑፉን ጠራርጎ አውጥቶ «እዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡ» ሲል፣ ብዙ ተመራማሪ የሚያስገባውን ዓረፍተ ነገር ፈልጎ ያጣል። ያ ዓረፍተ ነገር መጻፍ የነበረበት ከወራት በፊት፣ አብስትራክቱ፣ ማለትም የጥናቱ አጭር ማጠቃለያ፣ ለጉባኤው ሲላክ ነበር።

የፖስተሩ ታሪክና የተለመደው መንገድ

ፖስተር ለሳይንስ ጉባኤ ጥንታዊ ነገር አይደለም። በዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ መጀመሪያ የታየው በ1969 የአውሮፓ የባዮኬሚስትሪ ማኅበራት ፌዴሬሽን ማድሪድ ላይ ባደረገው ስብሰባ እንደሆነ ይነገራል፤ በአሜሪካ ደግሞ በ1974 ሚኒያፖሊስ ላይ በተደረገው የባዮኬሚስትሪና የባዮፊዚክስ ጉባኤ ሰፋ ብሎ ተሞከረ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ ጥናት ማቅረብ የሚፈልገው ሰው በዛ፣ መድረኩና ሰዓቱ ግን አልጨመረም። የመድረክ ተራ ላልደረሰው ሰው ሰሌዳ ተሰጠው። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውም በመጽሔት ሊወጣ የነበረው ጽሑፍ ሆነ፤ መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ ውይይት፣ ማጠቃለያ፣ ሁሉም በተራው። ያ ቅርጽ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሳይነካ ቆየ።

አሠራሩም በየትኛውም ዘርፍ ብዙ አይለያይም። ተመራማሪው ጉባኤው ከመድረሱ ወራት ቀደም ብሎ አብስትራክት ያስገባል፤ ብዙ ጊዜ የሚፈቀድለት ከ250 እስከ 300 ቃላት ነው። ማቅረብ የሚፈልገው በመድረክ ንግግር ይሁን በፖስተር ምርጫውን ያሰፍራል። ገምጋሚዎች ነጥብ ይሰጣሉ፤ ለእያንዳንዱ አብስትራክት የሚያውሉት ጊዜ አጭር ነው፤ ከፊታቸው የተደረደረው ብዙ ስለሆነ ሊረዝም አይችልም። ከዚያ «በፖስተር ይቀርባል» የሚል ደብዳቤ ይደርሳል። አብስትራክቱ በጉባኤው መድበል ውስጥ ይታተማል፤ ከዚያ ወዲያ አይታረምም። ፖስተሩ ደግሞ የጉዞው ዋዜማ ሲቃረብ፣ ከረቂቁ ጽሑፍ አንቀጽ በአንቀጽ እየተቆረጠ ይለጠፋል።

ሞሪሰን የተነሣው ከዚህ የመጨረሻ ትዕይንት ነው። በመኪና ስትሄዱ በመንገዱ ዳር የተተከሉት የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ሁሉ በረጃጅም አንቀጾች ተሞልተው ብታዩስ ብሎ ጠየቀ፤ የፖስተር አዳራሽ ማለት ያ ነው አለ። ጎብኚው በአንድ ሰዓት ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ ፖስተሮችን ያልፋል። ርዕሶቹ ረጃጅም፣ ፊደሎቹ ደቃቃ ናቸው። ሁለት ሦስቱ ዘንድ ቆም ይላል፤ ከቀሩት ግን አንዳች ነገር ሳይማር ይወጣል። የሞሪሰን ፍላጎት ያልቆመው ሰው እንኳ እያለፈ አንድ ነገር ይዞ እንዲሄድ ነበር።

ንድፉ

የሰሌዳው ትልቁ ክፍል፣ መሃሉ፣ በአንድ ቀለም ይሞላል። በላዩ ላይ ዋናው ግኝት በተራ ቋንቋ፣ ከሩቅ በሚነበብ ግዙፍ ፊደል ይጻፋል። ከሥሩ ኪውአር ኮድ ይቀመጣል፤ ጎብኚው በስልኩ ሲያነሣው ሙሉውን ጽሑፍ ያገኛል። በግራ በኩል ጠበብ ያለ ዓምድ አለ፤ ሞሪሰን «ዝምተኛው አቅራቢ» ይለዋል። አቅራቢው ቡና ሊጠጣ ሲሄድ ወይም ከሌላ ሰው ጋር ሲነጋገር፣ ጎብኚው መግቢያውን፣ ዘዴውንና ውጤቱን ብቻውን የሚያነበው ከዚያ ነው። በቀኝ በኩል ደግሞ የ«ትጥቅ» ዓምድ አለ፦ ጥያቄ ሲመጣ አቅራቢው በጣቱ የሚያሳያቸው ሠንጠረዦችና ግራፎች። እነዚህ ለማስዋብ የገቡ አይደሉም፤ ለተመልካቹ በራሳቸው ግልጽ መሆን እንኳ አይጠበቅባቸውም።

ንድፉ በፓወርፖይንት ፋይል ተዘጋጅቶ በነፃ መቅረቡን እንደ ትንሽ ነገር አላየውም። ብዙ መልካም ምክር የሚሞተው ምክሩን የሚሰማው ሰው ጊዜ ስለሌለው ነው። ሞሪሰን ያዘጋጀውን ፋይል አውርዶ ቃሉን መቀየር የተለመደውን ፖስተር ከመገጣጠም ያነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ ያልሰነፈም የሰነፈም አንድ ዓይነት መንገድ መረጠ።

ዓረፍተ ነገሩን ለመጻፍ ስንቀመጥ

ንድፉን በወሬ ከመገምገም በአንድ የታወቀ ጥናት መሞከሩ ይሻላል። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ስትሬፕቶማይሲን በተባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ላይ በ1948 ያሳተመውን ሙከራ እንውሰድ፤ ሕሙማንን በዕጣ በመደልደል ረገድ በሕክምና ታሪክ ስሙ የሚነሣ ሥራ ነው። ሁለቱንም ሳንባ ያጠቃ አጣዳፊ የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸው 107 ወጣቶች በዕጣ ተከፈሉ፤ 55ቱ ስትሬፕቶማይሲንና የአልጋ ዕረፍት፣ 52ቱ የአልጋ ዕረፍት ብቻ አገኙ። በስድስት ወር ውስጥ ከመጀመሪያው ቡድን 4፣ ከሁለተኛው 14 ሰዎች ሞቱ።

ይህን ጥናት ዛሬ ለጉባኤ የምንልክ ብንሆን፣ ልማዳችን የሚሰጠን ርዕስ «ስትሬፕቶማይሲን በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ያለውን ውጤታማነት መገምገም» የሚል ይሆናል። ምን እንደተሠራ ይነግረናል፤ ምን እንደተገኘ አይነግረንም። ይህ ርዕስ በሞሪሰን ሰሌዳ መሃል በግዙፍ ፊደል ቢጻፍ ባዶነቱ ያሳፍራል። በተለመደው ፖስተር ላይ ግን ማንም አይታዘበው፤ ጎረቤቱም እንደዚያው ነው።

እሺ፣ ግኝቱን እንጻፍ። «ስትሬፕቶማይሲን የሳንባ ነቀርሳን ይፈውሳል።» ውሸት ነው። «ስትሬፕቶማይሲን ሞትን ይቀንሳል።» የማንን? ከምን ጋር ሲነጻጸር? እስከ መቼ? ትንሽ እንታገል፦ «የአልጋ ዕረፍት ብቻ ካገኙት 52 ሕሙማን በስድስት ወር ውስጥ 14 ሲሞቱ፣ ስትሬፕቶማይሲን ከተጨመረላቸው 55 የሞቱት 4 ናቸው።» አሁን ሰሌዳ ላይ ሊወጣ ይችላል። ማነጻጸሪያ አለው፣ ጊዜ አለው፣ የሰው ቁጥር አለው። አንባቢው በመቶኛ ተሸፍኖ የቀረበለትን ነገር እንዲያምን አይጠየቅም፤ ቁጥሩን ራሱ ያያል።

ነገሩ እዚህ አያበቃም፤ ጉዳዩን ለጥናት የሚያበቃውም ይህ ነው። ሙከራው ራሱ ሕክምናው እየቀጠለ ሲሄድ የብዙ ሕሙማን ባክቴሪያ መድኃኒቱን እንደተላመደ ዘግቧል። የዚያኑ ሕሙማን ሁኔታ እስከ አምስት ዓመት የተከታተለው በ1954 የወጣ ሪፖርት ደግሞ ከ55ቱ 32፣ ከ52ቱ 35 መሞታቸውን አሳየ። በስድስት ወሩ የነበረው ሰፊ ልዩነት በአብዛኛው ተሟጠጠ። የምርምር ምክር ቤቱ ወዲያው ስትሬፕቶማይሲንን ፓስ ከተባለው ሌላ መድኃኒት ጋር አጣምሮ መስጠትን መፈተሽ የጀመረው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ጥምረቱ መላመዱን እንደሚገታ በ1950 ታተመ።

እንግዲህ ያ ያማረው ዓረፍተ ነገራችን ሐሰት የለበትም፤ አንድ ቃል የተሳሳተ የለም። ሆኖም የመላመዱን ነገር ሳያይ በሰሌዳው ፊት ያለፈ ሐኪም፣ ይዞት የሄደው እውነት ግማሽ ነው። በ1948ቱ ጽሑፍ ውስጥ ይህ ማስጠንቀቂያ በግልጽ ሰፍሯል፤ በሞሪሰን ንድፍ ውስጥ የሚሰፍረው በግራ ዓምድ በትንንሽ ፊደል ነው። ንድፉ ግልጽነትን ሲሰጥ፣ ሁለተኛውን ነገር ወደ ዳር እንደሚገፋ ማወቅ ያስፈልጋል።

ንድፉን የፈተኑት ሰዎች ያገኙት ከዚህ አይርቅም። ሞሪሰን ራሱ ከአዘጋጆቹ አንዱ በሆነበት፣ በሁለት ጉባኤዎች ላይ በተካሄደ ጥናት፣ ተሳታፊዎች በአጠቃላይ አዲሱን ቅርጽ መርጠዋል፤ ስለ ዘዴውና ስለ ጥናቱ ውስንነት ግን ተጨማሪ ነገር መስፈር እንዳለበት ተገንዝበዋል። የንድፉ ባለቤት ይህን በሚል ጥናት ላይ ስሙን ማስፈሩን ወድጄለታለሁ።

ጥፋቱ የሚጀምረው የት ነው

ዳር ከሚገፋው ማስጠንቀቂያ የሚብሰው፣ መሃሉ ላይ የሚወጣው ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው የተጋነነ ሲሆን ነው። ይህ ደግሞ ከፖስተሩ በፊት የሚመጣ በሽታ ነው። በ2010 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ዋናው መለኪያቸው ልዩነት ያላሳየ 72 የሕክምና ሙከራዎችን መረመረ። በ58 ከመቶው የአብስትራክቱ ማጠቃለያ ነገሩን ወደ በጎ ጎን አጣሞ አቅርቦታል። በዚያው መጽሔት በ1999 የወጣ ሌላ ጥናት በስድስት የታወቁ የሕክምና መጽሔቶች የወጡ አብስትራክቶችን ከየጽሑፋቸው ጋር አስተያየ፤ በአብስትራክቱ ያለው ቁጥር ከጽሑፉ ጋር የማይገጥምባቸው ወይም በጽሑፉ ውስጥ ጨርሶ የማይገኝባቸው እንደየመጽሔቱ ከ18 እስከ 68 ከመቶ ነበሩ። እነዚህ በገምጋሚና በአርታኢ እጅ ያለፉ ናቸው። ለጉባኤ የሚላከው አብስትራክት ከዚያ ያነሰ ዓይን ነው የሚያርፍበት።

«ኋላ በመጽሔት ሲወጣ ይስተካከላል» የሚል ካለ፣ የሕክምና ጥናቶችን አጠቃሎ የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2018 ያሳተመውን ግምገማ ያንብብ። ከ300,000 የሚበልጡ የጉባኤ አብስትራክቶችን የተከታተሉ 425 ሪፖርቶችን አጠቃሎ፣ ሙሉ ጽሑፍ ሆነው የወጡት 37 ከመቶ ገደማ መሆናቸውን አገኘ። ለቀሩት፣ ማለትም ለአብዛኞቹ፣ አብስትራክቱና ፖስተሩ የጥናቱ የመጨረሻ አሻራ ናቸው። መሃል ላይ በግዙፍ ፊደል የተጻፈው ዓረፍተ ነገር የሚያርመው ተከታይ የለውም።

ስለዚህ የሞሪሰንን ንድፍ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ማንበብ እመርጣለሁ። የመሃሉ ዓረፍተ ነገር ለፖስተር የሚፈለግ ነገር አድርጎ ማየቱ ዘግይቶ መነሣት ነው። አብስትራክቱ ከመጻፉ በፊት፣ ሠንጠረዡ ፊት ለፊት ተከፍቶ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ማንን፣ ከማን ጋር፣ በምን መለኪያ፣ በምን ያህል ጊዜ የሚሉትን ካልመለሰ ገና ነው። ከዚያ ቀጥሎ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ የመጀመሪያውን ያነበበ ሰው እንዳይሳሳት ማወቅ ያለበት ነገር። በ1948ቱ ጥናት ያ የመድኃኒት መላመድ ነው። አብስትራክቱ በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ዙሪያ ይገነባል፤ መግቢያው ሦስት መስመር ይበቃዋል። ሁላችንም የምናውቀው አብስትራክት ግን ግማሹን በበሽታው አስከፊነት ይፈጅና «ውጤቱ በጉባኤው ላይ ይብራራል» ብሎ ይዘጋል። ገምጋሚ ነጥብ የሚነሣው እዚህ ነው፤ ደግሞም መንሣቱ ትክክል ነው።

ሕሙማንን በዕጣ ለደለደለ ጥናት ከ2008 ጀምሮ ለአብስትራክት ብቻ የተዘጋጀ፣ ኮንሶርት የተባለ የአዘጋገብ መመሪያ አለ። ለመጽሔት አብስትራክትም ለጉባኤ አብስትራክትም ይሠራል፤ በየቡድኑ የተደለደለው ሰው ቁጥር፣ በስሌቱ የገባው ቁጥር፣ ዋናው መለኪያ፣ የታየው ጉዳት፣ የምዝገባ ቁጥሩና የገንዘብ ምንጩ እንዲጠቀሱ ይጠይቃል። 300 ቃል ውስጥ ይገባል ወይ ቢባል፣ መግቢያው ከአጠረ ይገባል።

አብስትራክቱ ከተላከ በኋላ መረጃ ሲጨመር ቁጥር ሊለወጥ ይችላል። በዚህ ነውር የለም። ነውሩ መድበሉ አንድ ቁጥር፣ ሰሌዳው ሌላ ቁጥር ይዘው ሳለ ዝም ማለት ነው። በግራው ዓምድ «አብስትራክቱ ከታተመ በኋላ መረጃው ታድሷል» የሚል አንድ መስመርና ቀን ይበቃል።

ስለ ኪውአር ኮዱ

ከንድፉ ሁሉ ያለ ብዙ ሐሳብ የሚገለበጠው ይህ አራት ማዕዘን ነው። ሙሉ ጽሑፉን ለአላፊ አግዳሚ መስጠት መልካም ነው፤ ምን እንደሚሰጥ ግን አስቀድሞ መወሰን አለበት። የሕክምና መጽሔቶች አርታኢዎች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በጉባኤ ላይ በአብስትራክት ወይም በፖስተር የቀረበ ሥራ በመጽሔት ከመታተም እንደማይታገድ ይናገራል። ከኮዱ ጀርባ የተቀመጠው ያልታተመው ሙሉ ረቂቅ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ጽሑፉ ሊላክለት የታሰበው መጽሔት ደንብ አስቀድሞ ይነበብ።

የፈጠራ መብት የሚታሰብበት ሥራ ከሆነ ደግሞ መብቱን ለማሳጣት ኮዱ ቀርቶ ሰሌዳው ራሱ ይበቃል። በአሜሪካ ክሎፕፈንስታይን በሚባለው ጉዳይ፣ ሁለት ተመራማሪዎች ስለ አኩሪ አተር ፋይበር የሠሩትን ሥራ በ1998 በሰሌዳ ለጥፈው በሁለት ስብሰባዎች ላይ ለጥቂት ቀናት አሳይተው ነበር። ቅጂ አላደሉም፤ በቤተ መጻሕፍትም አልተመዘገበም። የፈጠራ መብት ማመልከቻቸውን ያስገቡት ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የፌዴራሉ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2004 ያ ሰሌዳ እንደ ታተመ ጽሑፍ ይቆጠራል ብሎ ወሰነ፤ መብቱም ቀረባቸው። ሰሌዳው ለሁለት ቀን ተኩል ያህል ማንም ሊገለብጠው በሚችልበት ሁኔታ ቆሞ መቆየቱ በቂ ሆነ። በመሃል በግዙፍ ፊደል የተጻፈ ግኝትና ሙሉ ጽሑፉን የሚያወርድ ኮድ ያለው ፖስተር በዚህ ሚዛን የት እንደሚወድቅ ለመገመት ጠበቃ አያስፈልግም።

ኅትመቱ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ጉባኤው የሚሰጠው ሰሌዳ ቁም ይሁን አግድም መጀመሪያ ይጣራ፤ ኤዜሮ የሚባለው ወረቀት 841 በ1189 ሚሊሜትር ነው፤ ፋይሉም ከመጀመሪያው በዚያው ልክ ይከፈት። በኤፎር ወረቀት ሲታተም ቁመቱም ወርዱም ሩብ ይሆናል፤ በፖስተሩ ላይ 24 ነጥብ የነበረው ፊደል ወደ 6 ነጥብ ይወርዳል ማለት ነው። ያንን ኤፎር በእጅ ይዞ ማንበብ ካቃተ፣ ትልቁንም ከአንድ ሁለት ሜትር ማንበብ ያቅታል። ቀይና አረንጓዴን ብቻቸውን ማነጻጸሪያ ማድረግ አይገባም፤ ከአውሮፓ ዘር ወንዶች 8 ከመቶ ያህሉ እነዚህን ቀለሞች ለመለየት ይቸገራሉ። ለማተሚያ ቤት የሚላከው ፒዲኤፍ ይሁን። ኮዱ በታተመው ወረቀት ላይ በስልክ ይሞከር፤ ፋይሉም ያለ ይለፍ ቃል የሚከፈት መሆኑ ከሌላ ሰው ስልክ ይረጋገጥ።

ንድፉ ዛሬ

ትችቱ ሲበረታ ሞሪሰን ንድፉን አሻሽሎ ሁለተኛ ቪዲዮ አወጣ፤ ለምስልና ለግራፍ ሰፋ ያለ ቦታ የሚሰጥ ቅርጽ ነበር። ግዙፍ ዓረፍተ ነገር ለብቻው መቆሙ ለሁሉም ዓይነት ጥናት አይስማማም፤ የማይክሮስኮፕ ምስል ግኝቱ ራሱ የሆነበት ጥናት አለ፣ ካርታ ግኝቱ የሆነበትም አለ። እዚያ መሃሉን መያዝ ያለበት ምስሉ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ከላዩ ርዕስ ይሁን።

አዘጋጅ ኮሚቴዎች አዲሱን ቅርጽ መፍቀድ አለመፍቀዳቸውን ሲከራከሩ እሰማለሁ። እኔ የምመክራቸው ከዚያ ቀድሞ ባለው ገጽ ላይ ነው። የአብስትራክት ማስገቢያው ቅጽ ከዳራ ጀምሮ በማጠቃለያ ያበቃል፤ ጸሐፊው ማጠቃለያው ጋ ሲደርስ የቀረው ቃል ሃያ ወይም ሠላሳ ነው። ዋናው ግኝት የሚጻፍበት ሣጥን ከሁሉ በላይ ይምጣ፤ ከሥሩም ውስንነቱን የሚጠይቅ ሌላ ሣጥን ይኑር፤ ሁለቱም ከጠቅላላው የቃል ገደብ ውጭ ይቆጠሩ። ገምጋሚው ነጥብ የሚሰጠው ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ ይሁን፤ ተቀባይነት ያገኘው ጥናት ፖስተር ሲታተምም ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች በአንድ መጠን ፊደል፣ በአንድ ሰሌዳ መሃል ይውጡ።